ክትፎዬን አብስሉልኝ

ባለፈው ቅዳሜ አምስት ሆነን ክትፎ ቤት ገባን። ገና በቅጡ ሳንቀመጥ አስተናጋጁ መጣና «ጥሬ ነው ለብለብ?» አለ። የበሰለ የሚባል ነገር ጥያቄው ውስጥ የለም። «ለእኔ የበሰለ» አልኩት። የአጎቴ ልጅ ቀበል አድርጎ «እሱን ከምትበዪ ምስር አይሻልሽም?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ፈገግ ብዬ አለፍኩት። ግን ከንክኖኛል፤ ምክንያቱም ይሄን ነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም።

ጥሬ ሥጋ የማልወድ ሰው አይደለሁም። እንዲያውም አድጌበታለሁ። የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ሐኪሟ ጥሬ ሥጋ እንዳልነካ አጥብቃ ነገረችኝ። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተሕዋስ በጥሬ ሥጋ በኩል ሊገባ ይችላል፤ እናትየዋ ምንም ሳይሰማት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ዘጠኝ ወር ሙሉ አብስዬ በላሁ። ከወለድኩ በኋላ ወደ ጥሬው ልመለስ ስል አፌ እምቢ አለኝ። የበሰለውን ለምዶት ነበር። እንግዲህ ምን ላድርገው?

የሚገርመው፣ ለመብሰል ደረጃ የራሳችን ስም ያለን ሰዎች ነን። ጥሬ አለ፣ ለብለብ አለ፣ የበሰለ አለ። ጥብስም ቢሆን ለጋ የሚለው አለ፣ ደረቅ የሚለው አለ። ስም የወጣለት ነገር ሁሉ የሚፈልገው ሰው ስላለ ነው ስም የወጣለት።

እናቴ ለብለብ ስትሠራ ከጎኗ ቆሜ ነው ያደግሁት። ኮሰረትና ኮረሪማ የገባበትን ንጥር ቅቤ በሰታቴ ታቀልጣለች። ሚጥሚጣውን ትነሰንስበታለች። ከዚያ ሰታቴውን ከእሳቱ ታወርደዋለች፤ ሥጋው የሚገባው ከወረደ በኋላ ነው። በእንጨት ማንኪያ ቶሎ ቶሎ ታገላብጠዋለች። ቀዩ ሥጋ ዳር ዳሩን ፈዘዝ ሲል፣ መሐሉ ገና ቀይ እንዳለ፣ «በቃ» ትላለች። ከዚያች «በቃ» ግማሽ ደቂቃ ካለፈ ለብለብ መሆኑ ይቀራል። ይሄ ሙያ ነው። እኔ የምጠይቀው ለበሰለውም ይሄን ያህል ሙያ እንዲሰጠው ነው።

ብዙ ቦታ «የበሰለ» ሲባል ሥጋውን ኃይለኛ እሳት ላይ ጥዶ መርሳት ሆኗል። ቅቤው ይቃጠላል፣ ሥጋው ውሃውን ይለቅና ይደርቃል፣ ሲቀርብ ጥርስ ውስጥ እንደ ቆሎ ይንኳኳል። ያን ቀን የመጣልኝም እንደዚያ ነበር። ግማሹን ትቼ ተነሳሁ። ቤቴ ስሠራው ግን በዝግታ እሳት ነው። ሥጋውን እየፈታሁ አበስለዋለሁ፣ ቀይ መልኩ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ አወርደዋለሁ፣ ቅቤና ሚጥሚጣውን መጨረሻ ላይ እጨምራለሁ። ይረጥባል፣ ያበራል፣ ከአይብና ከቆጮ ጋር ይሄዳል። ክትፎነቱ የትም አልሄደም።

ስለ ጤናው ደግሞ ግልጽ እንነጋገር። ለብለብ የሚያዙ ብዙ ጓደኞቼ «ትንሽ እሳት ስለነካው ችግር የለውም» ይላሉ። ልክ አይደለም። የከብት ሥጋ ላይ ያለው የኮሶ ትል ዕጭ የሚቀመጠው ጡንቻው ውስጥ ነው። እሱን ለመግደል የሥጋው ውስጡ ራሱ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። የእናቴ ለብለብ እዚያ አይደርስም። አያቶቻችን የኮሶ ዛፍ አበባ በጥብጠው የሚጠጡት፣ ምሬቱም «እንደ ኮሶ መረረኝ» እስኪባል ድረስ ተረት የሆነው በከንቱ አይደለም። ዛሬ በኪኒን ይወጣል፤ ቢሆንም መያዙ አልቀረም።

የተፈጨ ወይም የተከተፈ ሥጋ ደግሞ ከሙሉ ቁራጭ የተለየ ነው። ባክቴሪያ በአብዛኛው የሚኖረው ሥጋው ላይ ላዩን ነው። ስቴክ በሁለት በኩል በደንብ ከተጠበሰ ላዩ ይጸዳል። ሲከተፍ ግን የላዩ ከውስጡ ጋር ይደባለቃል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለስቴክ 63 ዲግሪና ከእሳት ከወረደ በኋላ የሦስት ደቂቃ ማሳረፊያ፣ ለተፈጨ ሥጋ ግን 71 ዲግሪ የሚለው ለዚህ ነው። ይሄን አውቆ ጥሬውን የሚመርጥ ሰው ምርጫው የራሱ ነው፤ አልፈርድበትም። ታዲያ በእኔም አይፈረድ።

ስቴክን ካነሳሁ አይቀር፣ አሜሪካ ያለው ወንድሜ ትዝ ይለኛል። እዚህ ሳለ ጥሬ ሥጋ በአዋዜ ሲቀርብ ቢላዋ ቀድሞ የሚያነሳው እሱ ነበር። እዚያ ሚዲየም፣ ማለትም መሐሉ ገና ቀላ ያለ ስቴክ ሲያቀርቡለት ግን «ደም አለው» ብሎ መለሰው። ያ ቀይ ፈሳሽ ደም አይደለም፤ ማዮግሎቢን የሚባል የጡንቻ ፕሮቲን ከውሃ ጋር ሆኖ ነው የሚወጣው። ነገርኩት፤ አልተቀየረም። ይገባኛል። ለእሱ ጥሬ ማለት የዕለቱ እርድ ነው፣ ከሉካንዳው የወረደ፣ በዓይኑ አይቶ ያስቆረጠው። ለሞቅ ያለ ግን ላልበሰለ ሥጋ አፉ ቦታ የለውም። ስቴኩን አምጥቶ የነበረው አስተናጋጅ ምንም ሳይል ወስዶ አብስሎ መለሰለት። ማንም አልሳቀበትም።

እኛ ጋ ጥሬ መብላት የጉብዝና መለኪያ ተደርጎ ይታያል። ባለፈው መስቀል አንዲት ነፍሰ ጡር ዘመዳችን እርግዝናዋን ገና ለሰው ስላልተናገረች፣ «የበሰለ» ማለት ፈርታ ስታመነታ አየኋት። ጉርሻ ሲዘረጋላት እንቢ ማለት ከበዳት። ጉርሻ የፍቅር ነገር ነው፤ ልመልስ ብትል ነውር ይሆንባታል። ሳህኗን በሰበብ ወሰድኩና ጓዳ ገብቼ አብስዬ አመጣሁላት። እንዲህ መደበቅ አልነበረባትም።

ስለዚህ ለክትፎ ቤቶች አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ስትጠይቁን ሦስቱንም በስማቸው ጥሯቸው፦ ጥሬ፣ ለብለብ፣ የበሰለ። የበሰለ ላለውም ሰው ሥጋውን ከእሳቱ በጊዜ አውርዱለት። የምንከፍለው እንደሆነ ለሦስቱም አንድ ዋጋ ነው።