መነሣት ላቃተው ሰው ማን ይቅደም? ላይፍ ኮች ወይስ ቴራፒስት

ለክርክሩ የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ሥራ ይገባል፣ ቤቱን ያስተዳድራል፤ ነገር ግን ኑሮው ባለበት ቆሞበታል፣ የጀመረውን አይጨርስም። ይህ ሰው መጀመሪያ ላይፍ ኮች ያነጋግር ወይስ ቴራፒስት?» የመጀመሪያው ጸሐፊ ላይፍ ኮች ነው፤ ሰው ያሰበው ግብ ላይ እንዲደርስ የሚያግዝ። ሁለተኛዋ ሳይኮቴራፒስት ናት፤ የአእምሮ ሕመምን በንግግር የምታክም።

ላይፍ ኮቹ፦

ይህ ሰው በሽተኛ አይደለም። ሥራ ይገባል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ዕቁብ ይጥላል። የጎደለው ሐሳቡን ቀንና ሰዓት የሚያስይዘው ሰው ነው። «ማስተርሴን እጨርሳለሁ» ምኞት ነው። «ማክሰኞና ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ላይ፣ ልጆቹ እንደተኙ፣ ስልኬን ሳሎን ትቼ አንድ ገጽ እጽፋለሁ» ሲል ግን ሥራ ሆነ። «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ መወሰን ምን ያህል እንደሚረዳ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር በጥናት ያሳየው ነገር ነው። ኮቹ ቀጥሎ እንቅፋቱን ይጠይቃል፦ መብራት ቢጠፋስ? እንግዳ ቢመጣስ? ከዚያ «ከ10 ስንት እርግጠኛ ነህ?» ይላል። መልሱ 5 ከሆነ አንድ ገጽ የነበረው ወደ ግማሽ ገጽ ይወርዳል፤ 8 ሳይደርስ ከወንበሩ አይነሣም። በሳምንቱ «ጻፍክ ወይ?» ብሎ አያልፍም፤ የተጻፈውን ገጽ ያያል። ከ6 እስከ 12 ጊዜ ተገናኝቶ ሰውየው ራሱን ይችላል።

ለዚህ ሰው ዶሴ ከፍቶ የልጅነት ታሪኩን መቆፈር ጊዜውን መብላት ነው። ቴራፒ የሚያስፈልገው ከሆነም ልምድ ያለው ኮች በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይለየዋል። ሕመም ያለበት ሰው ያስታውቃል።

ቴራፒስቷ፦

«ሕመም ያለበት ሰው ያስታውቃል።» ወንድሜ፣ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። አያስታውቅም! ድባቴ (ዲፕሬሽን) የያዘው ሰው እኛ ዘንድ «አዝኛለሁ» ብሎ አይመጣም። «ሰነፍኩ» ይላል። «አናቴን ያቃጥለኛል»፣ «ጨጓራዬ ተነሣብኝ»፣ «ሐሳብ በዛብኝ» ይላል። ለቅሶም ይደርሳል፤ ለቅሶ መቅረት ስለሚያሳፍር ብቻ ይደርሳል።

ሌሊት 9 ሰዓት ነቅቶ እስኪነጋ ጣራ ሲያይ የሚያድር ሰው አስቡ። ያለ ሰዓቱ መንቃት ከታወቁት የድባቴ ምልክቶች አንዱ ነው። ሳይጠየቅ አይናገረውም። ኮቹ «11 ሰዓት ተነሥተህ ሩጥ» ብለው ይሰጡታል። ሦስት ቀን ይሞክራል፣ በአራተኛው ይቀራል። በሳምንቱ ሲጠየቅ «ለምንም አልሆንም» ለሚለው ሐሳቡ ማስረጃ አገኘለት። ቴራፒስትም ለዚሁ ሰው የቤት ሥራ ትሰጣለች፤ መጠኑ ግን ሌላ ነው፦ ከምሳ በኋላ 10 ደቂቃ እስከ ሱቅ ድረስ መሄድ፣ ሳይወጣና ሲመለስ ስሜቱን ከ10 መዝኖ መጻፍ። ፍላጎት እስኪመጣ አይጠበቅም፤ እንቅስቃሴው ፍላጎቱን ቀስ ብሎ ይጠራዋል። ደም ማነስና የእንቅርት ችግርም እንዲሁ ሰውን ስለሚያደክሙ ሐኪም አይቶት እንደሆነ ትጠይቃለች።

በተቃራኒው ደግሞ ሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ተኝቶ የማይደክመው፣ በአንድ ሳምንት ሦስት ድርጅት ለመክፈት ያቀደ፣ ከዘመድ ተበድሮ የሱቅ ኪራይ የከፈለ ሰው አለ። በግማሽ ሰዓት ሲታይ ባለ ራእይ ነው። ባይፖላር፣ ማለትም ስሜትን ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ሕመም፣ ሊሆንም ይችላል፤ ያን ጊዜ «ግፋበት» ማለት ወደ ገደል መግፋት ነው። ስለዚህ ቴራፒስት ትቅደም እላለሁ። ፈቃድ የሌለው ሰው የሌላውን ሸክም ባይነካ ይሻላል።

ላይፍ ኮቹ፦

«ፈቃድ የሌለው ሰው የሌላውን ሸክም ባይነካ ይሻላል።» እህቴ፣ ይህን ሲጽፉ ማንን እንዳስወጡ አይተውታል? ነፍስ አባትን፣ ሽማግሌን፣ ጎረቤትን አስወጥተዋል። ዚምባብዌ ውስጥ በ2006 እ.ኤ.አ. የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ ሐራሬ ላይ የጀመረውን ሥራ ሳያውቁት አይቀሩም። የአካባቢው አያቶች ከጤና ጣቢያ ደጅ በእንጨት አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ችግር የመፍታት ምክር ሰጡ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት 573 ሰዎችን አሳትፎ፣ በስድስት ወሩ አያቶቹ ያነጋገሯቸው ከሌሎቹ በግልጽ ተሽለው ተገኙ። አያቶቹ ፈቃድ የላቸውም። ሕመሙን የሚጠሩት እንኳ «ኩፉንጊሲሳ» ብለው ነው፤ ማሰብ ማብዛት ማለት ነው፣ የእኛው «ሐሳብ በዛብኝ»።

እኛንም ከመንገድ የተነሣን አድርገው አይቁጠሩን። በዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን የመጀመሪያውን ደረጃ ለማግኘት ቢያንስ 60 ሰዓት ሥልጠናና 100 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ ለሁለተኛው 125 እና 500።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ፣ ዓርብ ማታ ብቻ ስልክ የምታገኝ እህት አለች። ሜሪላንድ ያለች አማርኛ ተናጋሪ ቴራፒስት ቴክሳስ ላለ ሰው እንኳ በቪዲዮ ለመሥራት በአብዛኛው የቴክሳስ ፈቃድ ያስፈልጋታል። ለሪያዷ ማን ይድረስላት?

ቴራፒስቷ፦

የሐራሬን አያቶች ስላነሡልኝ አመሰግናለሁ፤ እነሱ ለእኔ ነው የሚመሰክሩት። በግማሽ ሰዓት እንለያለን አላሉም። «አዎ» ወይም «አይ» የሚባልባቸው 14 ጥያቄዎች ያሉት ወረቀት ነበራቸው፤ ሰው የሚለየው በዚያ ነበር። የሚሄዱበት ደረጃ ተጽፎ ተሰጥቷቸዋል፣ ከበላያቸው የሚቆጣጠርና የከበደውን የሚቀበል ባለሙያ ነበር። የእርስዎ ግማሽ ሰዓት ውስጥ የትኛው አለ? ወረቀቱ? ተቆጣጣሪው? ተቀባዩ?

60 ሰዓት ያሉት ሥልጠና ደግሞ የሚያስተምረው ኮች መሆንን ነው፤ በሽታ መለየት የኮች ሥራ እንዳልሆነ ፌዴሬሽኑ ራሱ ይናገራል። ታዲያ በምን ነው በግማሽ ሰዓት የሚለዩት?

ወረቀቱ ከባድ አይደለም። ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድባቴ መመዘኛ 9 ጥያቄ አለው፣ አዲስ አበባ ውስጥ በተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትኗል። ስላለፉት 2 ሳምንታት ይጠይቃል፦ ፍላጎት ማጣት፣ እንቅልፍ፣ ድካም፣ ምግብ፣ ራስን መውቀስ። ለእያንዳንዱ «በጭራሽ» 0፣ «ጥቂት ቀናት» 1፣ «ከግማሽ በላይ ቀናት» 2፣ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» 3 ይሰጣል፤ ድምሩ እስከ 27 ይሄዳል። 10 እና ከዚያ በላይ የመጣለት ሰው በባለሙያ ይታይ። ቁጥሩ ብቻውን የበሽታ ስም አይሰጥም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው 9ኛው ላይ ነው፤ «ብሞት ይሻለኝ ነበር የሚል ሐሳብ ወይም ራስን መጉዳት»። ድምሩ 6 ብቻ ሆኖ እዚያ ላይ 1 ቢመጣ፣ ያ 1 ከድምሩ ይቀድማል።

ላይፍ ኮቹ፦

ግማሽ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት! ከጻፍኩት ሁሉ እሱን ብቻ ይዘው ቀሩ። ያልኩት የመጀመሪያውን ጭውውት ነው። አንድ ሰዓት ይባል፣ ወረቀቱም ይጨመር፣ አልቃወምም።

የእርስዎ ሙያ ያልተጠየቀው ሌላ ነው። ሰው ስምንት ወር ይመላለሳል፣ ያወራል፣ ያለቅሳል፣ ይወጣል። «ግቡ ምንድን ነው? መቼ ያበቃል? እየተሻለኝ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ አያገኝም። በእኛ ዘንድ ግቡ በመጀመሪያው ቀን ይጻፋል፤ ሦስት ሳምንት ካልተንቀሳቀሰ ግቡ ይለወጣል ወይም ውሉ ይቆማል። የሪያዷን እህት ግን አለፏት።

ቴራፒስቷ፦

ስምንት ወር ያለ ግብ ማመላለስ መጥፎ ሥራ ነው፤ የቴራፒ ሥርዓት ነው ብለው ግን አይጻፉብኝ። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስጀመረው የሐሳብና የባህርይ ቴራፒ በአብዛኛው ከ12 እስከ 20 ጊዜ ነው። በየቀጠሮው የዕለቱ አጀንዳ ይጻፋል፣ የቤት ሥራ ይታያል፣ ያው የ9 ጥያቄ ወረቀት ይደገማል። ቁጥሩ ከ17 ወደ 9 ሲወርድ ታካሚው ራሱ ያየዋል፤ ካልወረደ ቴራፒስቷ አካሄዷን ትለውጣለች፣ ስለ መድኃኒት ከሐኪም ጋር ትነጋገራለች። ሰዎች ለዓመታት የደከሙበትን ሙያ «ያወራል፣ ያለቅሳል» ብሎ መግለጽ ያማል፤ ያመመኝ መሆኑን አልደብቅም።

ወረቀቱን እጨምራለሁ ካሉ እስከ መጨረሻው ይጨምሩት። 9ኛው ላይ ከ0 በላይ ሲመጣ በቀጥታ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያስይዝም። «ለማንም አልናገርም» ተብሎ ቃል አይገባም። እንዴት ሊያደርገው እንዳሰበና ዛሬ ማታ ከማን ጋር እንደሚያድር ይጠየቃል። ቤት ውስጥ ያለ የተባይ መርዝና መድኃኒት በዘመድ እጅ ይወጣል። «ሐኪም ብታይ» ብሎ መሸኘት አይበቃም፤ ሰው አብሮት ይሄዳል፣ አዲስ አበባ ከሆነ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ወይም ሌላ ድንገተኛ ክፍል፤ አሜሪካ ከሆነ ደግሞ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ላለበት ሰው ወደተዘጋጀው የእርዳታ መስመር፣ 988፣ ይደወላል። ይህን በውልዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጽፉታል?

ላይፍ ኮቹ፦

እጽፈዋለሁ። «ወረቀቱ ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ይሞላል፣ በየ4 ሳምንቱ ይደገማል። 10 ከሞላ የግብ ሥራው ቆሞ ሰውየው ባለሙያ እንዲያይ ይደረጋል። 9ኛው ላይ ከ0 በላይ ከመጣ ድምሩ አይታይም፣ በዚያው ሰዓት ወደሚረዳው ሰው ይደርሳል።» የዘመድ ስልክ ቁጥርም በዚያው ገጽ ይገባል፤ ቁጥር ያልሰጠ ሰው ሥራ አይጀመርለትም። ግማሽ ሰዓት ያልኩትም ይውጣ።

አሁን ግን ለሦስተኛ ጊዜ ልጠይቅ። የሪያዷ እህት ወረቀቱን ሞልታ ድምሯ 14 መጣ። ሐኪም ዘንድ የሚወስዳት አሠሪዋ ነው፤ እሱም ከፈቀደ። ሐኪሙ አማርኛ አይሰማም። እርስዎ ፈቃድዎ እዚያ አይደርስም። እኔ በውሌ መሠረት ሥራዬን አቆምኩ። ዓርብ ማታ ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት የማንን ስም ልንገራት?