የእድሩን ሳህን አትሽጡብን

የእድራችን ኮሚቴ ሰሞኑን አንድ ውሳኔ አስተላልፏል። በዕቃ ቤታችን ያሉት ሳህኖችና ብርጭቆዎች ይሸጡ፤ ከእንግዲህ ለለቅሶም ለዝክርም ተበልቶባቸው የሚጣሉ የፎም ሳህኖችና የወረቀት ኩባያዎች ይገዙ ተብሏል። ምክንያቱ “ውሃ ለመቆጠብና አካባቢን ለመጠበቅ” ነው። ማጠብ ሰልችቶናል ብለው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ እውነቱን ተናገሩ እል ነበር። ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀ አገር፣ በአካባቢ ጥበቃ ስም ፎም ለማከፋፈል መነሣት ግን ድፍረት ይጠይቃል።

የውሃውን ነገር እንየው። ለመሆኑ ከኮሚቴው አባላት መካከል የእድር ሳህን ሲታጠብ ቆሞ ያየ አለ? አንድ ሳፋ በሳሙና፣ ሁለት ሳፋ ለማለቅለቂያ፤ በዚያው ውሃ አንድ ቁልል ሳህን ያልቃል፤ እጣቢውም አቧራ ላይ ይረጫል። የወረቀት ኩባያስ ያለ ውሃ ተሠራ? እንጨት ፈጭቶ ወረቀት ማድረግ ውሃ ከሚጨርሱ ሥራዎች አንዱ ነው። ውሃው የፈሰሰው ከእኛ ቧንቧ ስላልሆነ ብቻ ቆጠብን እንላለን። ኩባያው ሻይ እንዳያፈስ ውስጡ በስስ ፕላስቲክ ስለተለበጠ ደግሞ እንደ ወረቀት እንኳን አይበሰብስም።

የሚጣል ዕቃ ወዳጆች ጥናት መጥቀስ ይወዳሉ። ማርቲን ሆኪንግ የተባለ የካናዳ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ስሌት፣ አንድ የሸክላ ኩባያ የፈጀውን ኃይል ለማካካስ ከወረቀት ኩባያ አንጻር 39 ጊዜ፣ ከፎም አንጻር ደግሞ 1,006 ጊዜ ማገልገል አለበት። ይሁን። ስሌቱ ግን የኃይል ፍጆታን እንጂ ፎሙ ከተጣለ በኋላ ቦይ መድፈኑን፣ ሲቃጠልም ጥቁር ጭሱ ሰፈሩን ማፈኑን አልለካም። ኩባያው የሚታጠበው በማሽንና በሙቅ ውሃ ነው ብሎም ነው የተነሣው። እኛ ዘንድ ያለው ቀዝቃዛ ውሃና የሰው ክንድ ነው።

ደግሞስ የትኛው ኩባያ ነው ከእድር ኩባያ በላይ የሚያገለግል? የግል ሳህን ዓመት በዓል እስኪመጣ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። የእድር ሳህን ግን ማረፊያ የለውም፤ ዛሬ ከአንዱ ድንኳን ወጥቶ በሳምንቱ ሌላው ድንኳን ይገባል። ከበስተጀርባው በቀይ ቀለም የእድሩ ስም ተጽፎበታል። ሲወጣ ተቆጥሮ፣ ሲገባም ተቆጥሮ ነው፤ የጎደለውን የወሰደው ሰው ይተካል። መቶ ቤት መቶ ድርድር ሳህን እንዳይገዛ ያደረገው ይህ ነው። አውሮፓውያን ዛሬ “የጋራ ዕቃ” እያሉ፣ ኩባያ በመያዣ ገንዘብ እያበደሩና እያስመለሱ ይህንኑ ለመፍጠር ይለፋሉ። የጀርመኗ ቱቢንገን ከተማ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ የሚጣል ኩባያ ወይም ሳህን 50 ሳንቲም ዩሮ ግብር ጥላለች። ነጋዴ ተቃውሞ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ቢደርስም፣ በ2025 መጀመሪያ ፍርዱ ለከተማዋ ሆኗል። እነርሱ ሕግ አውጥተው፣ ተካሰው የሚገነቡትን፣ እኛ አያቶቻችን አደራጅተው ያስረከቡንን፣ ለቆራሌው ልንሰጥ ነው!

“ሴቶቹ በማጠብ ደከሙ” የሚል ድምፅም ተሰምቷል። ደክመዋል፤ እውነት ነው። መፍትሔው ግን ፎም ነው ያለው ማነው? ድንኳን የሚተክሉት፣ አግዳሚ ወንበር የሚሸከሙት ወንዶች ቀብር መልስ ካርታ ይዘው ከሚቀመጡ እጅጌያቸውን ይሰብስቡ። ሳህን ለማጠብ ሴት መሆንን የሚጠይቅ አንቀጽ በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ የለም።

የተጣለው ሁሉ የት እንደሚደርስ ቢያንስ የአዲስ አበባ ሰው መጠየቅ አልነበረበትም። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀብሯል። በየለቅሶው ስንት መቶ ሳህን ወደዚያ ልንጨምር እንደሆነ ኮሚቴው አልነገረንም።

ሌላም ያልነገረን አለ። የብረት ሳህን አንዴ ተገዝቶ ልጅ ያሳድጋል፤ የሚጣለው ግን ሰው በሞተ ቁጥር ከወርሃዊ መዋጯችን ይገዛል። ስለዚህ ከሽያጩ በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ ይቅረብልን፤ በዓመት ስንት ብር እንደምናወጣና ፎሙን የሚያቀርብልን ነጋዴ የማን ዘመድ እንደሆነ።