ጎረቤት ከአቧራው በፊት ይስማ

የጎንደር ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

እኛ ጥሩ ሥራ ስንጀምር ለጎረቤት መንገር ያለብን አይመስለንም። ትምህርት ቤት ነው፣ ጤና ጣቢያ ነው፣ ማን ይጠላዋል እንላለን። ቆርቆሮ እናጥራለን። ሲኖትራክ እናስገባለን። ከአጥሩ ሥር የሚኖረው ሰው ነገሩን የሚሰማው መስኮቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው። የሕፃናት ሆስፒታል ሲሆን ደግሞ ይብሳል። «ለልጆች እኮ ነው» ካልን በኋላ የሚጠይቀን ሰው ሁሉ የልጅ ጠላት ሆኖ ይታየናል።

ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ከዓመታት በፊት በሰፈራችን አንድ ትንሽ የጤና ተቋም ሲሠራ የኮሚቴው ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ ሁለት ነበር፤ ቃለ ጉባኤ መያዝና ለጎረቤት መንገር። ቃለ ጉባኤውን አሳምሬ ያዝኩ። አርብ ቀን የውሃ መስመሩ እንደሚዘጋ ግን ከማክሰኞ ጀምሮ እያወቅሁ ለማንም ሳልነግር ቀረሁ። ረሳሁ ብል ይቀለኝ ነበር። አልረሳሁም፤ ሰነፍኩ። ከአጥሩ ጥግ የሚኖሩ አንዲት እናት ቅዳሜ የባላቸውን ተዝካር ሊያወጡ ነበር። አርብ ጠዋት ቧንቧውን ቢከፍቱ ጭው። ያን ሁሉ ጀሪካን ልጆቻቸው በጋሪ ሲጎትቱ ዋሉ። ማታ ቤቴ ድረስ መጡ። አልጮኹም። «ልጄ፣ ሐሙስ ብትነግረኝ በርሜሌን አልሞላም ነበር?» ብቻ አሉኝ። ለዚያ ግንባታ ገንዘብ አዋጥተዋል። ደረሰኙን የቆረጥኩላቸው እኔው ነኝ።

እና አሁን በከተማችን የሕፃናት ሆስፒታል ይሠራ ብላችሁ የምትነሱ፣ ገንዘብ የምትሰበስቡ፣ መሬት የምትጠይቁ፣ ኮሚቴ የምትሆኑ ሁሉ ስሙኝ። ዝም ስትሉ ሰፈሩ ዝም የሚል እንዳይመስላችሁ። ቆርቆሮው በታጠረ በመጀመሪያው ቀን «ሆቴል ነው» ይባላል። በሁለተኛው «ለባለሀብት ተሸጠ» ይባላል። በሦስተኛው የተላላፊ በሽታ ማቆያ ይሆናል። ሳምንት ሳይሞላ «የእኛም ቤት ሊፈርስ ነው» የሚል ይመጣና አሮጊቶች እንቅልፍ ያጣሉ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ሥሩን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ። ካልነገራችሁት ሰው ቅርንጫፉን ይዞ ይሮጣል።

ደግሞ የሚነገር ነገር ሞልቷል። ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ የአርማታ ወለል፣ ሲሞላ ለምን ሌሊት እንደሚታደር ለጎረቤት ነግራችሁ ታውቃላችሁ? ሲሚንቶ ውሃ ከነካው በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መጠንከር ይጀምራል። ግማሹን ዛሬ ግማሹን ነገ በዘፈቀደ ካፈሰሱት መጋጠሚያው ይደክማል፤ ውሃም ያስገባል። ስለዚህ የተጀመረው እስኪያልቅ ሚክሰሩ ሲጮህ ያድራል። ይህን ቀድሞ የሰማ ሰው ልጆቹን በጓሮ በኩል ያስተኛል። ያልሰማ ሰው ሌሊት ድንጋይ ይወረውራል። አልፈርድበትም።

ከሙሌቱ በኋላ ደግሞ ሳይቱ ጭር ይላል። የአርማታ ጥንካሬ በተለምዶ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። ከሥር የተደገፈው እንጨትም ቶሎ አይነሳም። ጎረቤት የሚያየው ግን ሰው የሌለበት ግቢ ነው። «ብሩ ተበላ» ይላል። ምን ያድርግ፣ ማን ነገረው? በዚያ ላይ አርማታው ቢያንስ ለሰባት ቀን ያህል ውሃ ይጠጣል። እስቲ አስቡት፤ ውሃ የሚያጠጣን የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ ቧንቧችን ተራ እየጠበቀ፣ ሰው በጀሪካን እየተጋፋ፣ እናንተ ጣሪያ ላይ ውሃ ስታርከፈክፉ። ውሃው በቦቴ ከሌላ ቦታ የመጣ ከሆነ እሱን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የሚከብደውንም ንገሩ። ሆስፒታል ሲከፈት ጄኔሬተር ይኖረዋል፤ መብራት ሲጠፋ ኦክስጅን ላይ ያለ ጨቅላ አይጠብቅማ። የሕክምና ቆሻሻ ማቃጠያ ይኖረዋል። ጭሱ ወደ የት ነው የሚነፍሰው? ፍሳሹ ወደ ቀሃ ወንዝ ነው የሚወርደው ወይስ በጉድጓድ ተይዞ ይጣራል? ሰው የሚፈራው ይህን ነው፤ መፍራቱም ትክክል ነው። መልስ ከሌላችሁ መጀመሪያ ከመሐንዲሱ መልሱን አምጡ። ደስ የሚለውን ብቻ የሚናገር ኮሚቴ እንደ ደላላ ነው የሚታየው።

በር ላይ ቦርድ ሰቅለናል ትሉ ይሆናል። ባለቤት፣ ተቋራጭ፣ አማካሪ፣ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን። ደግ። እነዚያ እናት ግን ፊደል አልቆጠሩም። ቅዳሴ ሲያልቅ አውደ ምሕረት ላይ፣ አርብ ከሶላት በኋላ አዲስ ዓለም መስጊድ ደጃፍ፣ እድር በሚሰበሰብበት ቀን፣ ባጃጅ ተራ ላይ ንገሩ። ባጃጅ ነጂ ያወቀውን ከተማው በአንድ ቀን ያውቀዋል። ቀኑንም አይታችሁ ሥሩ። ታቦት በሚወርድበት መንገድ ላይ ለከተራ ዋዜማ ገረጋንቲ የሚያራግፍ ሰው ጎንደር ውስጥ መሥራት አይገባውም።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ደምቢያን ወባ ከፈጀው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው እዚሁ ጎንደር ነው። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ሳኒታሪያን በር አንኳኩቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ቡና ጠጥቶ ካላስረዳ ማን ሽንት ቤት ይቆፍርለታል? የዛሬው ዩኒቨርሲቲያችን ከዚያ ኮሌጅ ነው የበቀለው። በዚህ ከተማ የሕዝብ ጤና ሥራ ያደገው ደጃፍ ላይ በተደረገ ወግ ነው፤ እናንተ ደግሞ ደጃፉን ዘላችሁ ማለፍ ያምራችኋል።

ሲጓተትም ንገሩ። ሲሚንቶ ተወደደ፣ ብር አለቀ፣ ሥራው ለጊዜው ቆመ በሉ። ሰው እውነት ሲነግሩት ይታገሣል። የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳውን ድርጅት ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። አዲስ አበባ ያለው የልብ ማዕከል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ሃያ ዓመት! ሃያ ዓመት ሙሉ ደጋፊ የሚያቆየው ዝምታ አይመስለኝም።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ጎረቤቶቹ ልዙር፤ ዝም ብላችሁ ስትስቁብኝ እንዳላየሁ አትቁጠሩ። ስብሰባ ሲጠራ የማይመጣው ማነው? ልጅ ልካችሁ «ምን አሉ?» ትላላችሁ። ከዚያ ልጁ ያመጣውን አጋንናችሁ ለቡና ታቀርቡታላችሁ። ፎርማኑ እኮ በር ላይ ቆሞ ነው የሚውለው። ጠይቁት። ካልመለሰ አለቃውን ጠይቁ። ያላጣራችሁትን ወሬ ግን ለሌላ አታቀብሉ፤ ነገ ጭልጋ ወይም ደባርቅ ያለች እናት ልጇን አዝላ ስትመጣ ያ ወሬ በሩ ላይ ቆሞ እንዳይጠብቃት።

እኔ ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ አንድ ጉድጓድ ሲቆፈር ባየሁ ቁጥር እነዚያ እናት ቤት ጎራ እላለሁ። አያምኑኝም። ገና ከበር ሳልገባ «ዛሬ ደግሞ የምትዘጋው ውሃ አለ?» ይሉኛል። በርሜሉ ሁልጊዜ ሙሉ ነው።