አውራ ጣት

ባለፈው ሳምንት የሥራ ዕድገት አገኘሁ። ትልቅ ነገር አይደለም፤ ወንበሩ ያው ወንበር ነው፣ የተለወጠው በሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ብቻ ነው። ሆኖም ደስ አለኝና ለቤተሰባችን የቴሌግራም ቡድን አበሰርኩ። አክስቴ ረጅም ምርቃት መረቀችኝ። እህቴ «ሲያንስህ ነው!» አለች። ታናሽ ወንድሜ አውራ ጣት ላከ። አንድ አውራ ጣት። ቢጫ፣ ቀጥ ያለ፣ ክንድ እንኳን የሌለው።

ይኸው ወንድሜ የአክስታችን ልጅ መንጃ ፈቃድ ስታወጣ ሦስት መስመር ጽፎላታል። ወደ ኋላ ተመልሼ ቆጥሬዋለሁ። ለመንጃ ፈቃድ ሦስት መስመር፣ ለእኔ አንድ ጣት!

ቀናተኛ አይደለሁም። ይህን የሚል ሰው ሁሉ ቀናተኛ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ግን የምለው እውነቴን ነው። ደግሞም አርስቶትል ከ2,300 ዓመት በፊት ነገሩን ጨርሶታል፤ ሰው የሚቀናው በዕድሜም፣ በቦታም፣ በስምም በሚቀርበው ላይ ነው ብሎ። የዓለም ቁጥር አንድ ባለጸጋ አዲስ መርከብ ቢገዛ እንቅልፍ የሚያጣ የለም። ወንድምህ የመኪናውን ጎማ ሲቀይር ግን መጋረጃ ገልጠህ ታያለህ።

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ብዙ ሰው የፍቅር ተረት ይመስለዋል። አህያዋን ግን ማን ጠየቃት? አመድ ላይ የምትንከባለለው እኮ ስለሚያሳክካት ነው። ጀርባዋን ታካለች፣ አራት እግሯን ወደ ሰማይ ትሰቅላለች፣ ከዚያ ትነሳና ገላዋን ስታራግፍ አመዱ አጠገቧ በቆመው ሁሉ ላይ ያርፋል። የእኛ ቤተሰብ ስብሰባ ቁርጥ ይህ ነው። አመዱስ ቢሆን ከየት መጣ? ትናንት ከነደደ እሳት። የማን ልጅ ቀድሞ ቆሞ ሄደ፣ የአባታችንን የእጅ ሰዓት ማን ወሰደ፣ እናታችን ታማ ተኝታ ማን ሳይጠይቃት ቀረ። አንድ አጎቴማ እኔን ከእግር እስከ ራሴ እየለካ፣ በሰው ፊት «እሳት አመድ ወለደ» ብሎኛል። ሃያ ዓመት ሆነው። ይህን የሚያነብ ከሆነ፣ አልረሳሁትም።

ስለ አለመርሳት ከተነሳ የዳቦውን ነገር ልናገር። ልጆች ሳለን አንድ ዳቦ ለሁለት ሲሰጠን እናቴ «አንዱ ይቁረጥ፣ ሌላው ይምረጥ» የሚል ሕግ ነበራት። ብልህ ሕግ ነው፤ ዓለም በሙሉ ያደንቀዋል። ችግሩ ቢላዋ የሚሰጠው ለታላቅ መሆኑ ነው። ስለዚህ ልጅነቴን በሙሉ ስቆርጥ ኖርኩ፤ እሱ ሲመርጥ ኖረ። እኔ በማስመሪያ ለክቼ፣ ትንፋሼን ይዤ እቆርጣለሁ። እሱ ሁለቱን ቁራሽ እያገላበጠ፣ እንደ ወርቅ አንጣሪ ብርሃን ላይ እየያዘ፣ በመጨረሻ ያነሳል። በኋላ ካደግሁ እንደተረዳሁት ደግሞ የሒሳብ ሰዎች ይህን አከፋፈል መርምረውታል። ቆራጩ በራሱ ሚዛን ከግማሽ በላይ እንደሚያገኝ ዋስትና የለውም፤ መራጩ ግን ቢያንስ ግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደርሰዋል። ማለትም የተበደልኩት ስሜቴ ውስጥ ሳይሆን በሒሳብ ነው! ይህን ለወንድሜ ብነግረው ሳቀ። እናቴም ሳቀች። አብራው ሳቀች።

እንዲህ ያለው ነገር እየተከማቸ የት እንደሚያደርስ ለማወቅ ጀርመን ውስጥ ያለችውን ሄርትሶገንአውራህ የምትባል ትንሽ ከተማ ማየት ነው። አዶልፍና ሩዶልፍ ዳስለር የሚባሉ ወንድማማቾች እዚያ አብረው ጫማ ይሠሩ ነበር፤ አንዱ ሠሪ፣ አንዱ ሻጭ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 በበርሊን ኦሎምፒክ አራት ወርቅ ያጠለቀው ጄሲ ኦውንስ የሮጠው በእነሱ ጫማ ነው። ከዚያ ተጣሉ፤ በ1948 ተለያዩ። ሩዶልፍ ፑማን፣ አዶልፍ በዓመቱ አዲዳስን መሠረቱ። ከተማዋም አብራቸው ተከፈለች። ሰው ከሰው ጋር ከመነጋገሩ በፊት ጎንበስ ብሎ ጫማውን ስለሚያይ «የጎበጡ አንገቶች ከተማ» የሚል ስም ወጣላት። ወንድማማቾቹ የተቀበሩት በአንድ መካነ መቃብር፣ በሁለት ተቃራኒ ዳር ነው። የሁለቱ ኩባንያ ሠራተኞች አብረው ኳስ የተጫወቱት በ2009 ነው። ስድሳ አንድ ዓመት! የእኔና የወንድሜ ጠብ የሚያሳፍረው፣ ይህን ያህል ቆይቶ አንድ ጥንድ ጫማ እንኳን አለማፍራቱ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ዊልበርና ኦርቪል ራይት አሉ፤ ሰውን የሚያናድዱ ወንድማማቾች። የባንክ ሒሳባቸው እንኳን አንድ ነበር። በ1903፣ ዲሴምበር 14 ቀን፣ አውሮፕላናቸውን መጀመሪያ ማን ያብርር በሚለው ሳንቲም ጣሉ። ዕጣው ለታላቁ ለዊልበር ወጣ። ዊልበር ተነሳ፣ ከአራት ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተመልሶ አሸዋው ላይ ወደቀ። ጠገኑት። በሦስተኛው ቀን ተራው የታናሹ ነበርና ኦርቪል 12 ሴኮንድ በረረ፤ ታሪክም የመጀመሪያው በረራ ብሎ መዘገበው። ልብ በሉ፤ ሳንቲሙ የወደቀው ለታላቁ ነበር! ዊልበር ምንም አላለም። የዚያኑ ዕለት ተራው ሲደርስ 59 ሴኮንድ በረረና ወረደ። እኔ በዊልበር ቦታ ብሆን ኖሮ ለኦርቪል ምን እንደምልክለት አስቤበታለሁ። አንድ አውራ ጣት።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። እናታችን ቤት ልትቀይር ሆነና «እንተባበር» ተባለ። ተሰበሰብን። እንደ ሁልጊዜው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ስብሰባውን የከፈተው በዕለቱ ወገቡን ያመመው ዘመዳችን ነው። ይህ ሰው በየስብሰባው ድር ይላል እንጂ አንድ ክር ሲያዋጣ ያየው የለም። ከዚያ ውድድሩ ተጀመረ። እህቴ «የመኪናውን ኪራይ እኔ እችላለሁ» ስትል ወንድሜ «መኪናውንም ሠራተኛውንም እኔ» አለ። እኔ ከዚያ የሚበልጥ ነገር ስላጣሁ መጋረጃዎቹን በሙሉ አዲስ እንደማደርግ ቃል ገባሁ። መጋረጃ እንድቀይር የጠየቀኝ አልነበረም። በልግስናም እንቀናናለን ማለት ነው።

መሰብሰብ ብቻውን ፍቅር አያመጣም። ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1954 ኦክላሆማ ውስጥ 22 ልጆችን ሁለት ቡድን አድርጎ በጨዋታ አፎካከራቸው፤ ባንዲራ እስከማቃጠል ደረሱ። ሊያስታርቃቸው አብረው እንዲበሉና ፊልም እንዲያዩ ቢያደርግ ጭራሽ ባሰባቸው። የበረዱት ውኃ ሲቋረጥባቸውና የጭነት መኪናው አልነሳም ሲል ነው፤ ሁሉም ካልጎተቱት የሚንቀሳቀስ አልመሰላቸውም። የጎተቱትም ቀድሞ ገመድ ጉተታ በተፎካከሩበት ገመድ ነበር።

እኛ ገመድ አልነበረንም፤ የእናቴ ቁም ሣጥን ግን ነበር። ሠራተኞቹ ደረጃው ጠባብ ነው ብለው ጥለውት ሄዱ። (ወንድሜ ነው የቀጠራቸው፤ ይህን ለመዝገብ ያህል ነው።) እሱ ከታች ያዘ፣ እኔ ከላይ።

«ወደ ግራ!»

«የእኔ ግራ ነው ያንተ?»

«ቁም! ጣቴ! ጣቴን!»

ሩብ ሰዓት ያህል ላብ በላብ ሆነን ስንወርድ ስለ ዕድገትም፣ ስለ መንጃ ፈቃድም፣ ስለ ዳቦም አላሰብኩም። አንዱ ቢለቅ ሌላው እንደሚጨፈለቅ እያወቁ መቅናት ከባድ ነው። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ እሱ ከታች ሆኖ «ደክሞህ እንደሆነ ላሳርፈው» አለኝ። ደክሞኝ ነበር። አልደከመኝም አልኩ። አሳረፈው።

ታች ስንደርስ እናቴ «ጎበዞች ናችሁ፤ በተለይ ታናሽህ፣ ክብደቱ ያለው ከታች እኮ ነው» አለች።

አሁን የቁም ሣጥኑ አንድ በር አልገጥም ብሏል። እሱ አንተ ደረጃው ላይ አጋጭተኸው ነው ይላል፤ እኔ ያጋጨው እሱ እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። ቅዳሜ ካቻቪቴ ይዞ ይመጣል። እኔም የራሴን ይዤ እሄዳለሁ፤ የእኔው ይበልጣል። ሥራው አንድ ሰው በሩን ከፍ አድርጎ ሲይዝ ሌላው ማጠፊያውን የሚያጠብቅበት ነው። ማን ይያዝ፣ ማን ያጥብቅ በሚለው ስላልተስማማን ሳንቲም እንጥላለን። ዕጣው ለእኔ ከወጣ የአውራ ጣቱን ነገር ያኔ አነሳዋለሁ፤ ሁለቱም እጆቹ በሩን እንደያዙ።