መቃ ብዕሩስ የት ገባ?

በወሎ የአንዱን ትምህርት ቤት ዓርማ ያየ የሁሉንም አይቷል። የተከፈተ መጽሐፍ፣ በላዩ ችቦ፣ ግራና ቀኝ የስንዴ ዛላ፣ ቦታ ከተረፈም ሉል። ከደሴ ወልድያ ብትወጡ፣ ወደ ከሚሴም ብትወርዱ የበሩ ቆርቆሮ ላይ የሚጠብቃችሁ ያው ነው። ማኅተም ቀራጩ ናሙናውን አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ርእሰ መምህሩ የትምህርት ቤቱን ስም ብቻ ይሰጡታል።

ሰኞ ጠዋት ተሰልፎ ስለሚሰቅለው ሰንደቅ ዓላማ ተማሪው የሚመልሰው አያጣም። አረንጓዴው ሥራን፣ ልምላሜንና ዕድገትን፣ ቢጫው ተስፋንና ፍትሕን፣ ቀዩ ለነፃነትና ለእኩልነት የተከፈለውን መሥዋዕትነትና ጀግንነት እንደሚያመለክት በአዋጅ ቁጥር 654/2001 ሰፍሯል። በትርጉሙ የማይስማማ ሞልቷል፤ ቢሆንም የሚከራከርበት ጽሑፍ አለው። ሹራቡ ኪስ ላይ ስለተሰፋው ዓርማ ግን ጠይቁት። መምህሩንም ጨምራችሁ ጠይቁ።

የሚያበሳጨኝ ወሎ ምልክት የቸገረው አገር አለመሆኑ ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተምሩ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ናቸው። ዋድላ በቅኔ ስሙ የተጠራ ነው። ጀማ ንጉሥና ዳና ደረሳው፣ ማለትም የእስልምና ትምህርት ተማሪው፣ ከሩቅ አገር የሚጎርፍባቸው የዕውቀት ደጆች ነበሩ። የቆሎ ተማሪውና ደረሳው በእጃቸው የያዙት ደግሞ አንድ ዕቃ ነው፤ ጫፉ ሾሎ የተሰነጠቀ መቃ። አንዱ በብራና፣ ሌላው ሉህ በሚባለው ጣውላ ላይ ይጽፍበታል፤ ጥቁሩ ቀለምም ለሁለቱም ከጥላሸት ይበጠበጣል። አብሮ መኖራችንን ለማሳየት መስቀልና ጨረቃ ጎን ለጎን መደርደር የኮሚቴ ሥራ ይመስለኛል። መቃው ይበቃል።

የደሴው ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት በስሙ ብቻ ታሪክ ያስጠይቃል። ስሂን ሚካኤል የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። በቁጥር ወይም በቀበሌ ስም የሚጠሩት ትምህርት ቤቶች ይህ ዕድል ስለሌላቸው ዓርማው ቢናገርላቸው ምን ነበረበት?

«ዴስክ ሳይሟላ ስለ ዓርማ ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። በ2013 እና በ2014 ጦርነቱ በወሎ ትምህርት ቤቶች ላይ ያደረሰውን ያየ ሰው ይህን ቢል አልፈርድበትም። ዴስክ ይቀድማል። ነገር ግን በሩ እንደገና ሲቀባ፣ የጠፋው ማኅተም ሲቀረጽ፣ ለዚያው ለችቦው መከፈሉ አይቀርም። በዚያው ገንዘብ ተማሪዎች ተወዳድረው ይሣሉ። ያሸነፈው ሥዕል ትርጉም፣ የሣለው ተማሪ ስምና ዘመኑ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ይግባ፤ ግማሽ ገጽ አይሞላም።

የድሮውም አይጣል። ዘውድ የጫነው አንበሳ የታተመበት፣ ከዚያም የደርግ ዘመን ማኅተም ያረፈበት ሰርተፍኬት በብዙ ቤት ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። የቀድሞ ተማሪዎች ፎቶ ኮፒውን ለትምህርት ቤታቸው ቤተ መጻሕፍት ቢሰጡ፣ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ልጆቹ የሚያዩት ነገር ይኖራቸዋል።