ለደሴ ሰዎች፤ ስለ አንዲት ቴሴራ

የከተማዬ ሰዎች ሆይ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ተቆጥቼ ነው። ቁጣዬ ከክረምቱ ጋር ያልፋል ብዬ ነበር፤ አላለፈም። እናንተ ግን ነገሩን ረስታችሁታል፤ ያልረሳችሁትም ቡና ላይ የምታነሡት እንደ ጀብድ ነው። ስለዚህ የሆነውን እንደ ሆነ ልንገራችሁ፤ ከዚያ በኋላም መሳቅ ከቻላችሁ ሳቁ።

ባለፈው ክረምት ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ የእኛ ልጆችና የኮምቦልቻ ልጆች ወደ ፍጻሜ ለማለፍ ሆጤ ሜዳ ላይ ተገናኙ። እንግዶቹ የሐረጎን ዳገት የወጡት በአይሱዙ ላይ ቆመው ነበርና ማሊያቸው ገና ከጨዋታው በፊት ርሶ ነበር። ቡድኖቹ ለፍተሻ ሲሰለፉ የኮምቦልቻው አምበል የእኛን ዘጠኝ ቁጥር ለባሽ አየና ክስ አስያዘ። ያን ልጅ ካቻምና በአዋቂዎች ቡድን ውስጥ በሌላ ስም ሲጫወት አይቶታል።

የጨዋታው ኮሚሽነር ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የልጁን ቴሴራ፣ ማለትም የተጫዋችነት መታወቂያ ወረቀቱን፣ ተቀብለው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና ወረቀቷን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። አጠገባቸው ስለነበርሁ እኔም አየኋት። ማኅተሙ እንደ ደንቡ ግማሹ ፎቶግራፉ ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱ ግማሽ ክቦች አይገጥሙም። የወረቀቱ ሰማያዊ ነው፤ የፎቶግራፉ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ከፎቶግራፉ ጠርዝ ሥር ደግሞ የቀድሞው ፎቶግራፍ ሲላጥ የቀረው ሙጫ ደርቆ ይታያል። መምህሩ ምንም ሳይናገሩ ክሱን በሪፖርታቸው ላይ መዘገቡና ጨዋታው እንዲጀመር ፈቀዱ።

ሁለት ለአንድ አሸነፍን። ሁለቱንም ጎሎች ያገባው ያው ዘጠኝ ቁጥር ነበር፤ በድምፅ ማጉያው የተጠራው ግን ቴሴራዋ ላይ የተጻፈው ስም ነው። የዚያ ስም እውነተኛ ባለቤት፣ የ16 ዓመት ልጅ፣ የትምህርት ቤት ሹራቡን ለብሶ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነበር። ስሙ ሁለት ጊዜ ሲጠራና ሕዝቡ ሲጮኽለት ሰማ። ጓደኞቹ ጎኑን እየጎሸሙ ይስቁበት ነበር። እናቱ በበኩሏ ገበያ ላይ ሳለች «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጅሽ ሁለት አገባ» ተባለች፤ እውነት መስሏትም ማታ ለጎረቤቱ ሁሉ ቡና አፈላች። ልጁ ቤቱ ሲገባ ያንን ቡና የሚጠጡት ሰዎች ተነሥተው ሳሙት። እኔ ይህን ባሰብሁ ቁጥር ከቁጣው ይልቅ ሐዘኑ ይበረታብኛል፤ በአንድ ከተማ ክብር ስም ከአንድ ልጅ ላይ ቦታው ብቻ ሳይሆን ስሙም ተወሰደና፣ የተወሰደበት ስም መልሶ በገዛ ቤቱ ተመሰገነ።

ዲሲፕሊን ኮሚቴው ልጁን አስጠርቶ ጠየቀው፤ እርሱም እውነቱን ተናገረ። አሠልጣኙ ቴሴራዋን ተቀብለውት «ለከተማህ ስትል ዝም በል፤ በሚመጣው ዓመት አንተ ትሰለፋለህ» ብለውት ነበር። ኮሚቴው ምክንያቱን ዘርዝሮ በጽሑፍ ወሰነ፦ ኮምቦልቻ በፎርፌ ሦስት ለዜሮ ያሸንፋል፣ አሠልጣኙም ይታገዳል። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ስለ አንድ አታላይ አሠልጣኝ እንጂ ስለ እናንተ የምጽፈው ባልኖረኝ ነበር።

ውሳኔው የከፋው ሰው ይግባኝ ማለት ይችል ነበር። ይግባኝ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ ቀነ ገደብም፣ የማስያዣ ገንዘብም ተደንግጎለታል። ወደዚያ የሄደ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ማሊያውን የገዙት ነጋዴ፣ የደጋፊዎቹ ተወካይና ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች በማግሥቱ ማታ የአንድ ባለሥልጣን መኖሪያ ቤት ደጅ ጠኑ። ንጋት ላይ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ስልክ ተደወለ። ሰብሳቢው ደመወዙ በዚያው አስተዳደር የሚፈረምለት ሠራተኛ ነው፤ ምን ብሎ እንደ መለሰ ልነግራችሁ አያስፈልግም። በሳምንቱ ሁላችንም አዳራሽ ተጠራንና «ጉዳዩ በመግባባት ተፈትቷል፤ ለከተማችን ገጽታና ለሁለቱ ከተሞች ወንድማማችነት ሲባል የሜዳው ውጤት ጸንቷል» ተባልን። አጨበጨባችሁ። መምህሩ እጃቸውን አውጥተው «የማስረዳው ነገር አለኝ» ሲሉ ከኋላ አንዱ «አባባ፣ ኮምቦልቻ ስንት ከፈለዎት?» አለ፤ አዳራሹም በሳቅ ተሞላ። አርባ ዓመት ሙሉ ልጆቻችሁን ያስተማሩ ሰው ቴሴራዋን ጠረጴዛው ላይ አኑረው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በኮሚሽነሮች ምደባ ላይ ስማቸው የለም። የኮምቦልቻው አሠልጣኝም «ይሁን፣ አላህ ያያል» ብሎ ልጆቹን ይዞ ወረደ።

ይቅር የማልላችሁ ያንን ጭብጨባ ነው፤ ከመምህሩ ጋር አልተነሣሁምና ለራሴም ይቅርታ የለኝም። አሠልጣኙ ያታለለው ለዋንጫ ነው፤ ባለሥልጣኑ የደወለው ለስሙ ነው፤ እናንተ ግን ምንም ሳታገኙ፣ ማንም ሳያስገድዳችሁ፣ ሕግ ሲሻር አይታችሁ ደስ አላችሁ።

ለሁለቱ ሽማግሌዎች ለብቻቸው የምለው አለኝ። ወሎ በአባጋር ሽምግልና የሚታወቅ አገር ነው። አባቶቻችን ደም የተቃቡትን ሳይቀር መካከላቸው ገብተው አስታርቀዋል፤ ይህንንም ያደረጉት ጥፋተኛው ጥፋቱን በአደባባይ ከተናገረና ካሣው ከተቆረጠ በኋላ ነው። እናንተ በዚያ ማታ ማንን ከማን ልታስታርቁ ሄዳችሁ? በዳይ ጥፋቱን ሳያምን፣ ተበዳዩ ልጅ ሳይጠራ፣ የኮምቦልቻ ሰው በሌለበት የተደረገ ሽምግልና ከየትኛው አባት የተወረሰ ነው? ጋቢያችሁን ለብሳችሁ የሠራችሁት ነጋዴው ብቻውን ሊሠራው ያፈረውን ነው።

አሁን ደግሞ የሚገርመኝን ልንገራችሁ። በዚያው ሰሞን ፒያሳ ዲ.ኤስ.ቲቪ ቤት ውስጥ ስለ እንግሊዝ ክለቦች ስትከራከሩ ሰማኋችሁ። ማንቸስተር ሲቲ ከ100 በላይ ክሶች እንደ ቀረቡበት ታውቃላችሁ፤ ለምን እስካሁን አልተቀጣም ብላችሁም ትቆጣላችሁ። ኤቨርተን እ.ኤ.አ. በ2023 የፋይናንስ ደንብ በመጣሱ 10 ነጥብ ሲቀነስበት፣ ቅጣቱም በይግባኝ ወደ 6 ሲወርድ ስሌቱን በቃላችሁ ይዛችሁታል። በጊዜው የማንቸስተር አካባቢ ከንቲባ የነበሩትና የኤቨርተን ደጋፊ የሆኑት አንዲ በርንሃም ያን ቅጣት ተቃውመው ለፕሪምየር ሊጉ ጽፈው ነበር፤ ነገር ግን ጻፉ እንጂ በሌሊት አልደወሉም። ተቃውሞአቸውን አገር ሰማው፤ ቅጣቱን የቀነሰው ይግባኝ ሰሚውም ምክንያቱን በጽሑፍ አወጣ። ለሩቅ ሰው ጥፋት ዳኛ የምትሹ እናንተ፣ የራሳችሁ ዳኛ አዳራሽ ውስጥ ሲዋረድ ሳቃችሁ።

የዚያ አገር ሰዎችም መላእክት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1885 የተመሠረተውና የእንግሊዝን ኤፍ.ኤ. ካፕ ዋንጫ ሁለት ጊዜ ያነሣው የቤሪ ክለብ እ.ኤ.አ. በ2019 ከሊግ የተባረረው ባለቤቱ ክለቡን ለማቆየት የሚበቃ ገንዘብ እንዳለው ማሳየት ስላልቻለ ነው። በ2021 ስድስት ታላላቅ ክለቦች ከአውሮፓ ሱፐር ሊግ ጋር ተስማምተው ከሌላው ሊለዩ ሲነሡ የቼልሲ ደጋፊዎች የራሳቸውን ቡድን አውቶቡስ መንገድ ላይ አገዱት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የጠላት ሳይሆን የገዛ ቡድናቸውን ነው። ከዚያ ቁጣ በኋላ የቀድሞዋ የስፖርት ሚኒስትር ትሬሲ ክራውች የመሩት ጥናት ለእግር ኳሱ ገለልተኛ ተቆጣጣሪ እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረበ። ፕሪምየር ሊጉ ያለ የሌለ ተሰሚነቱን ተጠቅሞ ተቆጣጣሪውን የሚያቋቁመውን ሕግ ለማለዘብ ፖለቲከኞችን ሲወተውት ከረመ። የዌስት ሃም ምክትል ሊቀ መንበር የነበሩት ካረን ብራዲ በላይኛው ምክር ቤት አባልነታቸው እዚያው ተነሥተው ተከራከሩ። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበርም መንግሥት እጁን እንዳያስገባ በደብዳቤ አሳሰበ። የመጀመሪያው ረቂቅ በ2024 ምርጫ ምክንያት ወደቀ፤ ሁለተኛው በሐምሌ 2025 ሕግ ሆነ። ይህም ሆኖ የተቆጣጣሪው ሊቀ መንበር እንዲሆኑ የተመረጡት ሰው ለመረጧቸው ሚኒስትር የፓርቲ መሪነት ዘመቻ ቀደም ሲል ገንዘብ ሰጥተው ኖሮ፣ ሚኒስትሯ ያንን በጊዜው ባለማሳወቃቸው የሹመት ደንብ መጣሳቸው ተረጋገጠና ይቅርታ ጠየቁ። እዚያም ያው ገመድ ጉተታ አለ። ልዩነቱ ገመዱን ማን እንደሚጎትት ሕዝቡ ማየቱ ነው።

ያ ተቆጣጣሪ ስለ ፎርፌና ስለ ቀይ ካርድ አይዳኝም፤ ሥራው የክለቦች ገንዘብ፣ ባለቤትነትና ፈቃድ ነው። እኔ የፈለግሁት ሥረ ነገሩን ነው፦ የሚዳኝ ሰው እንጀራው በሚዳኘው ሰው እጅ መሆን የለበትም። በእኛ አገር አብዛኞቹ ክለቦች በጀታቸውን የሚያገኙት ከከተማ አስተዳደር ወይም ከመንግሥት ድርጅት ነው፤ ብዙ ጊዜ የቦርድ ሰብሳቢው፣ የበጀቱ ፈራሚና የሜዳው ባለቤት አንድ ወገን ናቸው። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንዲሉ፣ ከዚያው ደመወዝ የሚበላ ኮሚቴ በማን ላይ እንዲጮኽ ትጠብቃላችሁ? የፌዴሬሽናችን የአመራር ውዝግብ ከፊፋ ጋር አጋጭቶን እ.ኤ.አ. በ2008 ከዓለም መታገዳችንና ከ2010 ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ መውጣታችን ያስተማረን ነገር ያለ አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ2013 ቢጫ ካርድ ያጠራቀመ አንድ ተጫዋች በቦትስዋና ላይ ስለተሰለፈ ብቻ በሜዳ ያገኘነው ሦስት ነጥብ በፎርፌ ሲነጠቅም አልቅሳችኋል። ያን ጊዜ «ፊፋ ለአንዲት ወረቀት» ያላችሁ ሰዎች ነበራችሁ።

ደጅ መጥናት ሁሉ ነውር ነው አልልም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ ዘረኛዋ ደቡብ አፍሪካ ከእግር ኳስ እንድትገለል ስንት ጉባኤ ላይ ተሟግተዋል፤ ፊፋም እ.ኤ.አ. በ1976 አባረራት። የሚሟገቱለትን ነገር ግን በግልጽ ይናገሩ ነበር፤ የተሟገቱትም ደንብ እንዲከበር ነው። የእኛ አማላጆች ያን ማታ ምን እንደ ጠየቁ ዛሬ በአደባባይ ንገሩን ብንላቸው አንዳቸውም ደፍሮ የሚናገር አይመስለኝም።

እንግዲህ ምን ልለምናችሁ? ፓርላማ ሕግ እስኪያወጣ፣ ፌዴሬሽኑ እስኪታደስ ጠብቁ አልላችሁም፤ እኔም ዕድሜዬ አይበቃኝም። በእጃችን ያለው ትንሽ ነው። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ውሳኔ ከነምክንያቱ በሜዳው በር ላይ ይለጠፍ። ስለ ውሳኔ የደወለ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ስሙና የደወለበት ሰዓት በቃለ ጉባኤ ይያዝ። የኮሚቴው አበል ከአስተዳደሩ ኪስ ወጥቶ ቡድኖቹ ሁሉ ለምዝገባ ከሚያዋጡት ገንዘብ ይከፈል። መምህሩም በደብዳቤ ይጠሩ፤ ልጁን ደግሞ ያ አሠልጣኝ ሳይሆን ሌላ ሰው ያሠልጥነው። ይህን ሁሉ ለማድረግ ከአንድ ቀን ስብሰባና ከጥቂት ብር በላይ አያስፈልግም፤ እንዳታደርጉት የሚከለክላችሁም ሕግ የለም።

ታደርጉታላችሁ ብዬ ግን አልምልም፤ ደክሞኛል። የእኛ ቡድን ሲጎዳ ያን ስልክ መልሳችሁ እንደምትሹት አውቃለሁ፤ ኮምቦልቻም በተራዋ ብታገኘው የምትተወው አይመስለኝም። ሆኖም ያ ልጅ በሰኔ ለምዝገባ እንደሚመጣ ነግሮኛል፤ ዕድሜው ገና ይፈቅድለታል። እኔም ቴሴራ በሚሞላበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ እያንዳንዱን ፎቶግራፍ ከባለቤቱ ፊት ጋር አስተያያለሁ፤ ከልክ ያለፈ ነው የሚል ይበል። ከእናንተ አንድ ሁለት ሰው ቢመጣና ቢያግዘኝ አልጠላም።