ክኒፌ

ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤታችን ቤት ቡና ላይ ነበርን። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ፣ የቤቱ እመቤት ልጇ እንግሊዝኛ አልማርም ብሎ እንዳስቸገራት አነሳች። ልጁ 3ኛ ክፍል ነው። ሒሳብ ይወዳል፣ አማርኛ አቀላጥፎ ያነባል። የእንግሊዝኛ ደብተር ሲወጣ ግን ሆዴን አመመኝ ይላል። «የውሸት እንዳይመስላችሁ፣ እንባው ዱብ ዱብ ነው የሚለው» አለች።

ባሏ መፍትሔው ተዘጋጅቶለታል። «አስጠኚ እንቅጠር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ቤት ውስጥም አማርኛ ይቁም።» ምክንያት አለው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናም እንደዚያው። እሱ ራሱ ከገጠር መጥቶ 9ኛ ሲገባ የባዮሎጂ መምህሩ የሚሉት አልገባው ብሎ፣ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ሰሌዳ ሲገለብጥ እንደከረመ አጫወተን። «ልጄ ያንን እንዲያይብኝ አልፈልግም» ሲል ድምፁ ሰለል አለ። ሁላችንም ዝም አልን።

አንዷ እንግዳ የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት ናት። «ወንድሜ፣ ፍርሃትህ ይገባኛል» አለችው። «ግን ልጁ የጠላው እንግሊዝኛውን አይመስለኝም።» ወደ እናትየው ዞረች። «ክፍል ውስጥ የደረሰበት ነገር አለ?»

እናትየው አመነታች፤ ከዚያ ተናገረች። ልጁ ቆሞ እንዲያነብ ታዞ፣ ቢላዋ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል፣ «ናይፍ» መባል ያለበትን፣ «ክኒፌ» ብሎ አነበበው። ክፍሉ በሳቅ አወካ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ በስሙ ጠርተውት አያውቁም። ክኒፌ ነው የሚሉት።

መምህርቷ እስክሪብቶ አወጣችና ሶፍት ላይ ጻፈች፦ ኬ፣ ኤን፣ አይ፣ ኤፍ፣ ኢ። «እስቲ እዩት፣ አንዷንም ፊደል አልዘለለም። በእኛ ፊደል የተጻፈ ሁሉ ይነበባል። ቢ ሁሌም ቢ ነው፣ ሉም ሉ ነው። እንግሊዝኛ ግን ፊት ያለችውን ኬ ጽፎ አያነባትም፣ መጨረሻ ያለችውንም ኢ አያነባትም። ይህን ማን ነገረው? ሳይነግሩት ሳቁበት።» ቀጠለች። «ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ልጆቻችን እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ይጀምራሉ። የራሳቸውን ፊደል ለይተው ሳይጨርሱ ሌላ ፊደል ይመጣባቸዋል።»

አንድ ጋሼ ጣልቃ ገቡ። «እኛ በአለንጋ አልነበር እንዴ የተማርነው? ተማርን እኮ!»

«የተማራችሁት አላችሁ፣ ጋሼ። አቋርጠው የቀሩትስ?» አለቻቸው። መልስ አልሰጡም።

አንዱ ወጣት ካርቱን ይበቃዋል፣ ስልክ ስጡት አለ። መምህርቷ ጆሮው ይለምዳል፣ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያወራው ሰው ከሌለ ግን አፉ አይፈታም አለችው።

ይህን እያልን ልጁ ላቡን እየጠረገ፣ ኳሱን አቅፎ ውኃ ሊጠጣ ገባ። ወጣቱ ሊያጫውተው ብሎ «ና እስቲ፣ ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ ለእትዬ አስረዳልኝ» አለው። ልጁ ረከቦቱ ሥር ቁጭ አለ። ስኳር መያዣውን በረኛ አደረገ፣ አንዱን ሲኒ ዲፌንደር፣ አንዱን ስትራይከር። «ፓስ ሲለቀቅ ይሄ ከዚህ ካለፈ ላይንስማኑ ባንዲራ ያነሳል» ብሎ ሲኒዋን ገፋት። መምህርቷ በዚያው ሶፍት ላይ ኦፍሳይድን በእንግሊዝኛ ጻፈችለት። በጣቱ እየተከተለ አነበበው። መጨረሻዋ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ይቺ ኢ አትነበብም?» አለ። «እንደ ክኒፌዋ ዝም ያለች ናት?»

ቅጽል ስሙን የጠራው ሳያፍር ነበር። እናቱ ጀበናውን እንደያዘች ቀረች።

እኔ ነገሩን ሳስበው አድሬያለሁ። የአባትየው ፍርሃት እውነት ነው፣ አልነቅፈውም። አማርኛ ቤት ውስጥ ይቁም ያለውን ግን በጭራሽ አልቀበልም። ልጁ ኦፍሳይድን ያስረዳን በአማርኛ እያሰበ ነው፤ ያንን ከነጠቁት የሚያስረዳበት አፍ አይኖረውም። በቀን አሥር ደቂቃ፣ ስለሚወደው ነገር፣ ሲሳሳት ሳይሳቅበት ቃሉን በትክክል ደግሞ የሚልለት ሰው ይኑረው። ያ ሰው አባቱ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጨዋታ አብረው ያያሉና። አስጠኚ መምጣቱ ካልቀረም ኳስ የሚወድ ይሁን።

ያ ቅጽል ስም ግን ዛሬ ነገ ሳይባል መቅረት አለበት። እናትየው ሰኞ የክፍል ኃላፊውን ልታነጋግር ነው። እኔም አብሬያት እሄዳለሁ።